ፓሊዮ ኩኪስ ጥሩ ነው፤ ምክንያቱ ግን የተባለው አይደለም

በቅርቡ ከአልሞንድ ዱቄት፣ ከዱባና ከሱፍ ፍሬ፣ ከቴምርና ከማር የሚጋገረውን ፓሊዮ ኩኪስ የሚያወድስ አንድ ጽሑፍ አነበብሁ። ጸሐፊው እንደሚሉት ይህ ኩኪስ የድንጋይ ዘመን ቅድመ አያቶቻችን ይመገቡት የነበረውን ስለሚመስል ለሰውነታችን ይስማማል፤ እህል ግን ፋይቲክ አሲድ ስላለበት ይጎዳናል። ኩኪሱ የሚጣፍጠው በማርና በቴምር ስለ ሆነ ስኳር የለበትም፤ ስቡም ከለውዝ የመጣ በመሆኑ ካሎሪውን መቁጠር አያስፈልግም። አሠራሩን በተመለከተ ደግሞ ሚዛን እንደማያሻው፣ አንዱን ዱቄት በሌላው በእኩል መጠን መተካት እንደሚቻል፣ እንቁላል ቢቀርም ግድ እንደሌለው፣ የሱፍ ፍሬ ዱቄት የገባበት ኩኪስ አረንጓዴ ከሆነ ግን ፍሬው ተበላሽቶ ነበርና መጣል እንደሚገባው ይመክራሉ። በመጨረሻም ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ጭምር እንደሚሰጥና መደርደሪያ ላይ አንድ ወር እንደሚቆይ ነግረውን ይሰናበታሉ።

እኔ ይህን ኩኪስ እወደዋለሁ፤ ለዓመታትም ጋግሬዋለሁ። ቀላል ነው ማለታቸውን እቀበላለሁ፤ በልክ ከተበላ ለጤና መልካም ነው ቢሉም አልቃወምም። የምከራከረው ባቀረቡት ምክንያት ነው። ስሕተቱ በሐሳብ ደረጃ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዝም ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የተሳሳተው ምክንያት ሁሉ ዞሮ ዞሮ መጋገሪያው ትሪ ላይ ይታያል። አንዱ ኩኪሱን ያሳርረዋል፣ አንዱ ያፈራርሰዋል፣ አንዱም ደኅናውን ምግብ ያስጥላል።

በቅድመ አያቶች ልጀምር። ፓሊዮ የሚባለው አመጋገብ የዘመናችን ሐሳብ ነው። ቦይድ ኢተንና ሜልቪን ኮነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ድንጋይ ዘመን አመጋገብ ጻፉ፤ በ2002 ደግሞ ሎረን ኮርዴይን ባሳተሙት መጽሐፍ ሐሳቡ ወደ ብዙ ሰው ማዕድ ቤት ገባ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ለውዝ ነክ ፍሬዎች ይፈቀዳሉ፤ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና የተጣራ ስኳር ይከለከላሉ። ይህ ደንብ ብዙ የተቀነባበረ ምግብ ከገበታ ስለሚያስወጣ ጥቅም አለው፤ የጥንቱን ሰው ገበታ በትክክል ይገልጻል ማለት ግን አይደለም።

የመሬት ቁፋሮ የሚነግረን ሌላ ነው። ጣልያን ውስጥ በፓሊቺ ዋሻ በተገኘ የመፍጫ ድንጋይ ላይ የ32,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የዱር አጃ ስታርች (የእህል ዱቄት ዋና ንጥረ ነገር) ተለይቷል። በገሊላ ባሕር ዳርቻ ኦሃሎ በተባለው ስፍራ ከ23,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች የዱር ገብስና ስንዴ ሰብስበው ይፈጩ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ዮርዳኖስም የ14,400 ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ቂጣ የሚመስል የተቃጠለ ቁራጭ ተገኝቶ በ2018 ይፋ ሆኗል፤ ይህም እርሻ ከመጀመሩ 4,000 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። እንግዲህ በድንጋይ ዘመን እህል የፈጨና የጋገረ ሰው ነበረ ማለት ነው።

በአንጻሩ የኩኪሳችን መሠረት የሆነው አልሞንድ የእርሻ ውጤት ነው። የዱሩ አልሞንድ መራራ ነው፤ በውስጡ ያለው አሚግዳሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሲታኘክ ሳያናይድ ስለሚለቅ ጥቂት ፍሬ እንኳ አደገኛ ነው። ጣፋጩ አልሞንድ የተገኘው በዛፉ ላይ በተከሠተ የዘር ለውጥና ያንን ዛፍ መርጠው በተከሉ ገበሬዎች ነው።  ጸሐፊው የሚያሞግሱትን ኩኪስ የድንጋይ ዘመን ሰው ቢያየው ምን እንደ ሆነ ባላወቀ ነበር። ይህ የኩኪሱ ነውር አይደለም፤ ጥንታዊ ነው የሚለውን ማረጋገጫ ግን ያሳጣዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቃል አንድ ነገር ላንሣ። ጸሐፊው ለውዝ የሚለውን ቃል ሳይለዩ ይጠቀሙበታል። በአማርኛ ለውዝ ሲባል አንዱ አልሞንድን፣ ሌላው ኦቾሎኒን ይረዳል። በፓሊዮ ደንብ ኦቾሎኒ ጥራጥሬ ስለ ሆነ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፋቸውን አንብቦ ኦቾሎኒ ፈጭቶ የጋገረ ሰው ጸሐፊው ሊያስጥሉት የፈለጉትን በልቷል። ሰሊጥንና ተልባንም እኛ የቅባት እህል እንላቸዋለን፤ እህል ክልክል ነው ብሎ የተነገረው አንባቢ ሰሊጡን ይተወው ወይስ ይጨምረው? በዚህ ጽሑፍ አልሞንድ፣ ዋልነትና ካሹን ለውዝ ነክ ፍሬዎች፣ ኦቾሎኒን ደግሞ በስሙ እጠራለሁ።

ወደ ፋይቲክ አሲድ ልለፍ። ይህ ንጥረ ነገር ብረት፣ ዚንክና ካልሲየምን አስሮ ሰውነት በሚገባ እንዳይወስዳቸው ማድረጉ እውነት ነው። ነገር ግን ተክል ለዘሩ ፎስፈረስ የሚያከማችበት መንገድ ስለ ሆነ በዘር ሁሉ ውስጥ አለ፤ በሰሊጥ፣ በዱባ ፍሬና በአልሞንድ ውስጥ ያለው መጠን ከስንዴው የሚተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ነው። ጸሐፊው በስንዴው ላይ ያቀረቡትን ክስ በሰሊጡ ላይ አላቀረቡም። ልዩ ልዩ ነገር ለሚመገብ ሰው በአንዱም በኩል የሚያሠጋ ጉዳይ የለም። ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) የሚያሳምመው ሰው ጉዳይ የተለየ ነው፤ የሲሊያክ ሕመም ላለበት ሰው እህል አልባ ኩኪስ እውነተኛ እፎይታ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ጠንካራ ምክንያት ትተው ደካማውን መምረጣቸው ያስገርማል።

ዋናው ነገር የስኳሩ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ለ20 ኩኪስ ግማሽ ኩባያ ማር ያዛሉ፤ ይህን ካዘዙ በኋላ ስኳር የለውም ይላሉ። ግማሽ ኩባያ ማር 170 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከማር 100 ግራም ውስጥ 82 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። ስለዚህ በሊጡ ውስጥ 140 ግራም ያህል ስኳር ገብቷል፤ ለእያንዳንዱ ኩኪስ 7 ግራም ይደርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ነጻ ስኳር (ወደ ምግብ የሚጨመር ስኳር እንዲሁም በማርና በጭማቂ ውስጥ ያለው) ከቀኑ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ማርንም በስም ጠቅሶ ከነጻ ስኳር ይቆጥረዋል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ነው። አራት ኩኪስ የበላ ሰው ከዚህ አልፏል፤ ስኳር የለውም ተብሎ የተነገረው ሰው ደግሞ በአራት የሚያቆምበት ምክንያት የለውም።

ከማር ይልቅ ቴምር ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ እዚህ ላይ ግን በራሴም ላይ መፍረድ አለብኝ። ቴምርም ሁለት ሦስተኛው ያህል ስኳር ነው። የሚለየው አሰሩ፣ ፖታሲየሙና ሰው በመጠኑ ሲበላው ቶሎ የሚጠግብ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለውን ስኳር ከነጻ ስኳር አይቆጥረውም፤ ብሪታንያ የምትጠቀምበት ትርጓሜ ግን ደቅቆ የተፈጨ ፍራፍሬን ስኳር ከነጻ ስኳር ይመድበዋል፤ ሲፈጭ የፍሬው ሕዋስ ይፈርሳልና። በዚህ ምክንያት ከቴምሩ ግማሹን ብቻ አላቁጬ ግማሹን ከትፌ እጨምራለሁ። ጣዕሙም በዚህ መንገድ ይሻላል፤ አንድ ወጥ ከሆነ ጣፋጭነት ይልቅ እዚህም እዚያም የሚገኝ የቴምር ቁራጭ ምላስን ያነቃቃል።

የማሩ ብዛት ሌላም መዘዝ አለው። በማር ውስጥ በብዛት ያለው ፍሩክቶስ የተባለ የስኳር ዓይነት ከተራው ስኳር በአነሰ ሙቀት ይጠቁራል። ጸሐፊው እንዳሉት በ190 ዲግሪ ሲጋገር ጠርዙ ይከስላል፣ መሐሉ ሊጥ ይቀራል። ከዚህ በላይ፣ በ2002 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አስፓራጂን የተባለው አሚኖ አሲድና እንደ ግሉኮስ ያለ ስኳር ከ120 ዲግሪ በላይ ሲገናኙ አክሪላማይድ የተባለ የማይፈለግ ኬሚካል ይፈጠራል፤ አልሞንድ አስፓራጂን አለው፣ ማር ደግሞ ግሉኮስ አለው። ለመፍራት ሳይሆን ሙቀቱን ወደ 165 ዲግሪ ዝቅ ለማድረግና ወርቃማ ሲሆን ለማውጣት በቂ ምክንያት ነው።

ስለ ካሎሪ ጸሐፊው ያሉት ግማሽ እውነት አለው። በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ሙሉ አልሞንድ የበሉ ሰዎች ከ28 ግራም ያገኙት ኃይል በተለመደው ስሌት ከሚጠበቀው 170 ካሎሪ ወርዶ 129 ገደማ እንደ ሆነ አሳይቷል፤ ከስቡ የተወሰነው ባልተሰበረው የፍሬው ሕዋስ ውስጥ ታስሮ ሳይፈጭ ያልፋልና። ሆኖም ከዚያ በኋላ በተካሄደ ተከታይ ጥናት አልሞንዱ እንደ ቅቤ እስኪልም ሲፈጭ ይህ ቅናሽ አልታየም። የእኛ ኩኪስ የሚሠራው ከደቀቀ ዱቄት ነው። ስለዚህ 100 ግራም አልሞንድ 580 ካሎሪ ገደማ፣ 100 ግራም የስንዴ ዱቄት ደግሞ 364 ገደማ መሆኑን መሰወር አይገባም። ለውዝ ነክ ፍሬ አዘውትረው የሚበሉ ሰዎች ረዘም ያለ ዕድሜ እንዳላቸው የሚያሳዩ ሰፋፊ ጥናቶች አሉ፤ በ2013 የታተመውና 118,962 ሰዎችን የተከታተለው አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ጥናቱ ሰዎቹን በመከታተል ብቻ የተሠራ በመሆኑ መንስኤና ውጤትን አያረጋግጥም፤ ደግሞም ተመሳሳይ ውጤት የተገኘው ፓሊዮ በሚከለክለው በኦቾሎኒም ነው።

አሁን ወደ ሊጡ እንግባ፤ ጸሐፊው ብዙ አንባቢ ያሳዘኑት እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። የኮኮናት ዱቄትን በአልሞንድ ዱቄት ፋንታ በእኩል መጠን ማስገባት አይቻልም። የኮኮናት ዱቄት አብዛኛው ስቡ ወጥቶለት የቀረ፣ አሰሩ የበዛ ደረቅ ነገር ስለ ሆነ ውኃ እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ በአንድ ኩባያ የአልሞንድ ዱቄት ፋንታ ሩብ ኩባያ ያህል ይበቃል፣ ያም ሆኖ ተጨማሪ እንቁላል ይጠይቃል። በእኩል መጠን የተካ ሰው ከትሪው ላይ የሚያነሣው አሸዋ ነው። ሚዛን አያሻም የሚለውንም ምክር የሚያፈርሰው ይኸው ነው። ኩባያ በእጅ ሲጠቀጠቅ አንድ ዓይነት፣ ሲነሰነስ ሌላ ዓይነት ይመዝናል፤ ስንዴ ይህን ስሕተት ይሸከማል፣ አልሞንድ አይሸከምም።

እንቁላሉም ጌጥ አይደለም። በስንዴ ኩኪስ ውስጥ ስታርችና ግሉተን ቅርጹን ይይዛሉ፤ በአልሞንድ ዱቄት ውስጥ ግሉተን የለም፣ ስታርችም እጅግ ጥቂት ነው። በሙቀት ረግቶ ፍርፋሪውን የሚያስተሳስረው የእንቁላሉ ፕሮቲን ነው። እንቁላል የማይበላ ሰው መተው ሳይሆን መተካት አለበት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ ለ10 ደቂቃ ሲቀመጥ የሚወጣው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ያን ሥራ በመጠኑ ይሠራል። ተልባው መፈጨት አለበት፤ ሙሉው ከተጨመረ ሆድ ውስጥ ሳይፈጭ እንደ ገባ ይወጣል፣ ኦሜጋ 3 የተባለው ጠቃሚ ስብም አብሮት ይወጣል።

ቤኪንግ ፓውደር ይጨመር ማለታቸው ከራሳቸው ደንብ ጋር ይጋጫል፤ ብዙውን ጊዜ እንዳይረጥብ የበቆሎ ስታርች ይገባበታልና። ቤኪንግ ሶዳ ብቻውን ይበቃል፤ ነገር ግን አሲድ ይፈልጋል። ማር በተፈጥሮው አሲዳማ ስለ ሆነ ሶዳውን ያነቃዋል፤ ማሩን ቀንሶ ቴምር የተካ ሰው የሎሚ ጭማቂ ካልጨመረ የሳሙና ጣዕም ያገኛል።

ይህ ወደ አረንጓዴው ኩኪስ ያደርሰናል። የመጀመሪያውን ጊዜ አልረሳውም። ማታ የጋገርሁት፣ ደኅና ቡናማ የነበረው ኩኪስ ጠዋት ስቆርሰው ውስጡ ሣር መስሎ ነበር፤ እኔም እንደ ጸሐፊው ተበላሽቷል ብዬ ሙሉውን ትሪ ደፋሁት። በኋላ እንደ ተረዳሁት ግን የሱፍ ፍሬ ክሎሮጀኒክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ በቡናም ውስጥ ያለው ነው። ይህ ንጥረ ነገር ሶዳ ባለበት አካባቢ ከፕሮቲን ጋር ሲዋሐድ አረንጓዴ ቀለም ይፈጥራል፤ ኩኪሱ ከቀዘቀዘ በኋላም ቀስ በቀስ ስለሚቀጥል ቀለሙ የሚታየው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ነው። ፍሬው አልተበላሸም፣ የበላውንም ሰው አይጎዳም። ቀለሙን የማይወድ ሰው ሶዳውን ይቀንስ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨምር። የተበላሸ ፍሬ የሚታወቀው በቀለም ሳይሆን በማሽተትና በመቅመስ ነው፤ የቆየ የቀለም ቅባት የሚመስል ሽታና መረር ያለ ጣዕም ያመጣል።

የምጋግረው እንዲህ ነው። 200 ግራም የአልሞንድ ዱቄት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ አቀላቅላለሁ። ፍሬው የወጣለት 100 ግራም ቴምር ወስጄ ግማሹን በሙቅ ውኃ ለ10 ደቂቃ ነክሬ በሹካ አላቁጣለሁ፣ ግማሹን እከትፋለሁ። ከዚያ አንድ እንቁላል፣ 40 ግራም ዘይት ወይም የአልሞንድ ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ቴምሩን ጨምሬ፣ በመጨረሻ በድምሩ 100 ግራም የሚሆን የዱባ ፍሬ፣ የሱፍ ፍሬና ሰሊጥ እለውሳለሁ። የኮኮናት ዘይት መጠቀም ይቻላል፤ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ግን ሳቹሬትድ (ሲበዛ ለልብ የማይመከር) ስብ ስለ ሆነ ለልብ ይበጃል የሚለውን የጸሐፊውን ቃል አልደግመውም። ከሊጡ 20 ድቡልቡል ይወጣል። የአልሞንድ ሊጥ እንደ ስንዴው በራሱ አይንጣለልምና እያንዳንዱን በመዳፍ ጠፍጠፍ ማድረግ ያስፈልጋል። በ165 ዲግሪ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ይበቃዋል። ሲወጣ ለስላሳ ነው፤ አልበሰለም ብሎ መመለስ የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው፤ ትሪው ላይ ሩብ ሰዓት ሲያርፍ ይጠነክራል። እያንዳንዱ 120 ካሎሪ ያህል ይይዛል፤ ከቴምሩ የሚያገኘው ስኳር 3 ግራም ተኩል አይሞላም፤ ይህም የጸሐፊው ኩኪስ ከማሩ ብቻ ከሚያገኘው ግማሽ በታች ነው።

ሕፃናትን የሚመለከተው ምክር ግን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም፣ ዘር መሰል ሕዋስ) ሊኖርበት ይችላል፣ የኩኪስ መሐልም ያን ስፖር የሚገድል ሙቀት ላይ አይደርስም። ጸሐፊው ስድስት ወር ያሉት ከየት እንዳመጡት እገምታለሁ፤ በ2015 የታተመ ጥናት ኦቾሎኒን በሕፃንነት ማስጀመር አለርጂን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገር ግን እዚያ የተሰጠው ለሕፃን በሚመች መልኩ የተዘጋጀ ምግብ ነበር፤ የዱባ ፍሬና የአልሞንድ ስባሪ ያለበት ኩኪስ ሕፃንን ያንቃል፤ ሙሉ ለውዝ ነክ ፍሬም አምስት ዓመት እስኪሞላ ድረስ አይመከርም። ለእንግዳ የሚያቀርብ ሰውም ሰሊጥና አልሞንድ እንዳለበት አስቀድሞ ይናገር።

በመደርደሪያ ላይ አንድ ወር የሚለውም አይሆንም። ቴምሩ እርጥበት ይይዛል፣ የተፈጨው ፍሬ ዘይትም ከአየር ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይበላሻል፤ ዋልነትና ተልባ ከሁሉ ይፈጥናሉ። በሚገጠም ዕቃ ውስጥ ሦስት አራት ቀን፣ በማቀዝቀዣ አንድ ሳምንት ይቆያል። ለወር የሚፈልገው ሰው ሊጡን አድቦልቡሎ፣ ጠፍጥፎ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጠው፤ በፈለገው ቀን የፈለገውን ያህል አውጥቶ፣ በረዶው እስኪለቅ ሳይጠብቅ፣ ሁለት ደቂቃ ጨምሮ ይጋግረዋል።